መምህርን «ስንት ነው?» ማለት

እናቴ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ባንኮክ ውስጥ የጀርባ አጥንት ቀዶ ሕክምና ስታደርግ አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወር ብዙውን ረስቼዋለሁ፤ አንዱን ሌሊት ግን አልረሳውም። ሆስፒታሉ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ቀን ቀን የሚያስተረጉም ሰው ነበረው፤ ሰውየው ማታ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ግን እናቴ፣ እኔና ስልኬ ላይ የጫንኩት የትርጉም መተግበሪያ ብቻ እንቀራለን። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ እናቴ ስታቃስት ነርሷ መጥታ ጎንበስ አለችና «ጄፕ?» ብላ ጠየቀቻት። ጥቂት ጠብቃ ደግሞ «ፑዋት?» አለች። ስልኬ ለሁለቱም የሰጠኝ ትርጉም አንድ ነው፦ ሕመም። እናቴ በጭንቅላቷ እሺታዋን ገለጸች፤ የቱን እሺ እንዳለች ግን ነርሷም አላወቀች፣ እኔም አላወቅሁ። አስተርጓሚው በማግስቱ እንዳስረዳኝ «ጄፕ» ቁስል ሲነካ ወይም ሲወጋ የሚሰማው ነው፤ «ፑዋት» ደግሞ ውስጥ ውስጡን የሚጠዘጥዘው። ውጋት፣ ቁርጠት፣ ጥዝጣዜ እያለ ሕመምን በየዓይነቱ የሚለይ ቋንቋ አፌን የፈታሁ ሰው፣ እናቴ የትኛው እንደያዛት የምናገርበት አንድ ቃል አጥቼ ማደሬ ቆጨኝ። ለክትትል መመለሳችን አይቀርም ነበርና ኮዬ ፈጬ ወዳለው ቤታችን ስንገባ የታይ ቋንቋ የሚያስተምረኝ ሰው ለመፈለግ ቆርጬ ነበር።

ኮዬ ፈጬ የሚኖር ሰው አንድ ነገር ሲያምረው መጀመሪያ መንገዱን ያሰላል። እኛ ሰፈር ሱቁም ፋርማሲውም በየብሎኩ ሥር ተከፍቷል፤ ለትምህርትና ለጉዳይ ግን አሁንም «ከተማ ልሂድ» እንላለን፣ ከተማ ውስጥ እንደማንኖር ሁሉ። ፈረንሳይኛ የፈለገ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ፣ ጀርመንኛ የፈለገ ጎተ ተቋም አለለት፤ ቻይንኛም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይሰጣል። ታይኛን የጠየቅኳቸው ሰዎች ግን ግማሾቹ ታይዋን የሄድኩ መስሏቸው ነበር፤ የቀሩት ደግሞ «ማሳጅ ቤት ልትከፍት ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ። የሚገርመው፣ መንገዱን ያሳየኝ ይኸው ቀልድ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቦሌ አካባቢ ባለ ማሳጅ ቤት የምትሠራ አንዲት ታይላንዳዊት እንደሚያውቅ ነገረኝና ስልኳን ሰጠኝ። የዕረፍት ቀኗ ሰኞ ነበር። በአሥር ዓመት ያህል ስለምትበልጠኝ፣ በአገሯ ልማድ «ፒ» እያልኩ እንድጠራት ነገረችኝ፤ ታላቅ እህት ወይም ታላቅ ወንድም ማለት ነው። በእኛ ቤት እትዬ እንደምንለው መሆኑ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ካፌ ተቀምጠን ዋጋ መነጋገር ሲገባን የሆነውን ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። እኔ ራሴ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የቤት ለቤት አስጠኚ ነበርኩ፤ ለአንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ሒሳብ ሳስጠና እናቱ በሰዓት ስንት እንደምትከፍል፣ ልጁ ሲቀር ሒሳቡ እንዴት እንደሚሆን፣ ሻይ እንኳ ይጨመር አይጨመር ደጃፏ ላይ ቁርጥ አድርጋ ነግራኛለች። ይህን ሁሉ ያለፈ ሰው ፒ ፊት ሲቀርብ ግን ምላሱ ታሰረ። ምናልባት ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ትዝ ብለውኝ ይሆናል። አባቴ ለየኔታ እህል ሲያስጭን፣ ለበዓል ነጠላ ሲያለብስ አይቻለሁ እንጂ «ስንት ነው?» ሲላቸው ሰምቼ አላውቅም። እኔም ተንተባትቤ «ስለ ክፍያው...» ስል ፒ እጇን አወናጭፋ «ሌው ቴ» አለችኝ። ትርጉሙን ስጠይቃት በተሰባበረ እንግሊዝኛ ያስረዳችኝን በአማርኛ ሳስበው አንድ የማውቀው አነጋገር ሆኖ አገኘሁት፦ ደስ ያለህን። ዕቃ ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ያደረሰልህን ልጅ «ስንት ልስጥህ?» ስትለው «ደስ ያለህን» ካለህ፣ ከየትኛውም ዋጋ የከበደ ዋጋ እንደጠራብህ ታውቃለህ።

አሥር ሳምንት ተማርኩ። ቡናውንና ኬኩን እኔ እከፍላለሁ። በአራተኛው ሳምንት 1,000 ብር በፖስታ አድርጌ ሰጠኋት፤ ሳትቆጥር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ በሚቀጥለው ሰኞ ለእናቴ ብላ አንድ ፌስታል ሙሉ አፕልና ወይን ይዛ መጣች። የአፕልን ዋጋ የምታውቁ ከፖስታው ምን ያህል እንደተረፋት ገምቱት። እኔ ደግሞ ይህን ላካክስ ለፋሲካ የሐበሻ ልብስ ገዛሁላት። እሷ በምላሹ እናቴን ቤታችን ድረስ መጥታ ጀርባዋን ላሽላት አለች፤ እናቴ «ወጌሻ እንኳ ያልነካውን አጥንቴን!» ብላ ከለከለች። እንዲህ እንዲህ እያልን ሁለታችንም የተቀበልነውን ለመመለስ ስንሮጥ ትምህርቱ ጎን ቀረ። እኔ ባነበብኩ ቁጥር ደግሞ ፒ ፈገግ ብላ «ኬንግ ማክ» ትለኛለች፤ በጣም ጎበዝ ማለት ነው። እኔም አመንኳት።

ጉብዝናዬ የታወቀው አንድ የድምፅ መልእክት ለባንኮኩ አስተርጓሚ የላክሁ ቀን ነው። ሰውየው ኢትዮጵያዊ ነው፤ እዚያ ብዙ ዓመት ኖሯል። ለመኩራራት ብዬ በታይኛ ሰላምታ አቀረብኩና እናቴ የምትመጣበትን ቀጠሮ ጠየቅሁት። ሳቁን ጨርሶ እስኪደውልልኝ ጥቂት ቆየ። «ወንድሜ፣ አንደኛ የምትናገረው እንደ ሴት ነው፤ ሁለተኛ እናትህን ሰድበሃል» አለኝ። በታይኛ ወንድ ንግግሩን በአክብሮት ሲቋጭ «ክራፕ» ይላል፣ ሴት ደግሞ «ካ» ትላለች። እኔ የሰማሁት ከሴት መምህር አፍ ብቻ ስለሆነ ለአሥር ሳምንት «ካ» ስል ኖሬአለሁ። የእናቴ ጉዳይ ይብሳል። እናት «ሜ» ናት፣ መምጣት «ማ» ነው፤ «ማ» ድምፁ ሳይወጣ ሳይወርድ እኩል ሲባል መጣ ነው፣ ከታች ወደ ላይ ሲነሳ ግን ውሻ ነው፣ ላይ ላይ ሲባል ደግሞ ፈረስ። አማርኛ ተናጋሪ ሲጠይቅ የመጨረሻውን ቃል ድምፅ ወደ ላይ ያነሳል፤ እኔም «እናቴ ትምጣ?» ልል የእናቴን መምጣት ወደ ላይ አንስቼ የውሻ እናት አደረግኋት። ታይኛ ለጥያቄ ራሱን የቻለ ቃል አለው፤ ድምፅ ማንሳትና መጣል የቃሉ ነው እንጂ የተናጋሪው አይደለም።

ፒ ለምን እንዳላረመችኝ የነገረኝም ይኸው ሰው ነው። «ክሬንግ ጃይ ነዋ» አለኝ። «ጃይ» ልብ ነው፤ «ክሬንግ» መፍራትም ማክበርም ነው። ሰውን ላለማስቸገር፣ ላለማሳፈር፣ ፊቱን ላለማጥቆር ሲባል የሚዋጥ ነገር ሁሉ በዚህ ቃል ይጠራል። ለእኔ ሲያስረዳኝ ብዙ ለፋ፤ መልፋት አላስፈለገውም ነበር። ይሉኝታ ነው። ልክ አንድ ናቸው ለማለት አልደፍርም፤ የእኛ ይሉኝታ «ምን ይሉኛል» ከሚለው ተነስቶ ዓይኑን ወደ ሌሎች አፍ ሲወረውር፣ የእነሱ ግን ከገዛ ልብ ይነሳል። ያም ሆኖ ያ ካፌ ጠረጴዛ ዙሪያ ሁለቱ ተገናኝተው እኔን ደንቆሮ አድርገውኝ ነበር። በእሷ በኩል ልታርመኝ ትሳቀቃለች፤ በእኔ በኩል ዋጋዋን መጠየቅ አሳቀቀኝ። ዋጋ ስላልቆረጥን እኔ ምን እንደምገዛ አላወቅሁም፣ እሷም ምን እንደምትሸጥ አላወቀችም፤ እንግዳዋ አድርጋኝ ነበርና እንግዳ ደግሞ አይታረምም። በቀጣዩ ሰኞ እናቴን ሐኪም ቤት አደርሳለሁ ብዬ ቀረሁ፤ ከዚያ በኋላም በየሰኞው አንድ ሰበብ አላጣሁም።

ቀጥሎ በኢንተርኔት በኩል ሞከርኩ። መምህርና ተማሪ በሚያገናኙ ድረ ገጾች ላይ እያንዳንዱ መምህር የሰዓት ዋጋውን ከነፎቶው ለጥፎ ይጠብቃል፤ ድረ ገጹ ከመምህሩ ክፍያ ድርሻውን ይቆርጣል፤ መግዛት ያልፈለገ ግማሽ ሰዓት በቅናሽ መሞከር ይችላል። ሦስቱን ሞከርኩ። የመጀመሪያው ስለ ባንኮክ ምግብ በእንግሊዝኛ እያወራ ሰዓቱን ጨረሰ፤ ደስ የሚል ሰው ነበር፤ ግን ምንም አልተማርኩም። ሁለተኛዋ ያዘጋጀችውን ስላይድ እኔ ኖርኩም አልኖርኩም በምትሄድበት ፍጥነት ታነበዋለች። ሦስተኛዋ አንድ ዓረፍተ ነገር እንድናገር ጠየቀችኝ። «ቤቴ ከከተማ ሩቅ ነው» አልኩ።

«ሩቅ ነው ወይስ ቅርብ?» አለች።

«ሩቅ» አልኩ በእንግሊዝኛ።

«አንተ ያልከው ቅርብ ነው። ድገም።»

ሩቅም «ክላይ» ነው፣ ቅርብም «ክላይ» ነው። ሩቁ ድምፁ ሳይነቃነቅ ይባላል፤ ቅርቡ ከላይ ወደ ታች ይወድቃል። እኔ ደግሞ እንደ አማርኛዬ ዓረፍተ ነገሩን ስዘጋ ድምፄን እጥላለሁ፤ ስለዚህ ኮዬ ፈጬን በተናገርኩ ቁጥር ወደ መሐል ከተማ አስጠጋታለሁ። ደላላ ብሆን ኖሮ ይህ ስሕተት ያበላኝ ነበር። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ መምህርቷ 19 ጊዜ አቆመችኝ፤ ቆጥሬዋለሁ። አንድም ጊዜ «ኬንግ ማክ» አላለችኝም። ስንጨርስ ደንቧን ላከችልኝ፦ አንዱ ሰዓት 12 ዶላር፤ አሥር ሰዓት በቅድሚያ ይከፈላል፤ 24 ሰዓት ሳይቀረው የተሰረዘ ትምህርት እንደተሰጠ ይቆጠራል። ወረቀቱን ሳነብ ያ የልጁ እናት፣ የስምንተኛ ክፍሉ፣ ደጃፏ ላይ ቆማ የተናገረችኝ ትዝ አለኝና ልቤ አረፈ።

ችግሩ 12 ዶላሩን ከኮዬ ፈጬ ባንኮክ ማድረስ ነው። የባንኩ ሠራተኛ በጣም ትሑት ልጅ ነበረች። ለእናቴ ሕክምና የሐኪሞች ቦርድ ወረቀት አቅርበን ዶላር የተፈቀደልን ጊዜ ፋይላችን እሷ ዘንድ ነበር፤ አሁን ደግሞ «ለትምህርት ከሆነ የተቋሙን የቅበላ ደብዳቤ አምጣ» አለችኝ። ተቋሙ አንዲት ሴት መሆኗን፣ ቤቷ ውስጥ ተቀምጣ በላፕቶፕ እንደምታስተምረኝ ስነግራት ከልቧ አዘነችልኝ፤ ግን ማዘን ቅጽ የለውም። የመጨረሻው መፍትሔ፣ እንደ ብዙዎቻችን፣ ዘመድ ሆነ። ጀርመን የምትኖረው ያክስቴ ልጅ ክፍያውን በካርዷ ከፈለችልኝ። «ስንት ላስገባልሽ?» ስላት የመለሰችው ምን ይመስላችኋል? «ኧረ ተወው! አንተ እማዬን ስታመላልስ ታክሲ አስከፍለሃታል እንዴ?» ሌው ቴ እንደገና! ከፒ ጋር የሆነውን ነገርኳትና ሒሳብ ካልተሳሰብን እንደማልማር አስረዳኋት። አክስቴን የምትረዳትን ሠራተኛ ደመወዝ እኔ እንድከፍልና ሁለታችንም ደብተር እንድንይዝ ተስማማን።

ይህ በሰኔ 2016 ዓ.ም. ነው። ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር አንዱ ሰዓት 684 ብር ይመጣ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ዋጋ ለገበያ ለቀቀው፤ በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር አለፈ፤ ያው ሰዓት፣ ያችው መምህር፣ ያው «ክላይ» 1,200 ብር ሆነ። በስልክ የተጨቃጨቅነውን የሰማ ሰው ያብዳል። ያክስቴ ልጅ «በድሮው እናስበው» ትላለች፣ እኔ «በዛሬው» እላለሁ፤ ሁለታችንም ለመክሰር እንሟገታለን። በመጨረሻ አክስቴ ስልኩን ነጥቃኝ «በዛሬው ይሁን፤ ግን ሁለት ቀን መማርህን ትተህ በሳምንት አንድ ቀን ተማር» ብላ ፈረደች። ልክ ነበረች። ሁለት ቀን ስማር በመሐሉ ለመለማመድ ጊዜ አልነበረኝም፤ አንድ ቀን ሲሆን ስድስቱን ቀን ሰዓቱ እንዳይባክን እየሰጋሁ አጠናለሁ። ሰው ውድ ነገር ሲገዛ አዳሩም ይለወጣል።

አንድ ሰዓት አባክኛለሁ፤ እንዴት እንደባከነ መናገር አለብኝ። የታይ ሰዎች የዕለት ተዕለት ሰዓት አቆጣጠራቸው፣ ካሌንደራቸው እንደሚያስደንቀን ሁሉ፣ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የተሠራ ይመስላል። ካሌንደራቸው ከፈረንጆቹ 543 ዓመት ይቀድማል፤ እናቴ በ2016 ከቤቷ ወጥታ የሆስፒታል ካርዷ ላይ 2567 ተጽፎ ስታይ «ምነው፣ ይህን ያህል ቆየን?» ብላለች። ሰዓቱን ደግሞ ከምሽቱ አንድ ብለው ይጀምራሉ፦ ፈረንጅ 7 የሚለውን የምሽት ሰዓት እነሱ «ኑንግ ቱም»፣ አንድ፣ ይሉታል፤ 8 የሚለውን «ሶንግ ቱም»፣ ሁለት። በዕድሜ የገፉት የጧቱንም እንዲሁ ይቆጥራሉ። መምህሬ «የሚቀጥለው ትምህርት ሶንግ ቱም» ስትለኝ፣ አንድ አገር ከእኔ ጋር በአንድ ሰዓት የሚቆጥር በማግኘቴ ተደስቼ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ፊቴን ታጥቤ፣ ደብተሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ማንም የለም። ባንኮክ በአራት ሰዓት እንደምትቀድመን ደስታዬ አስረስቶኛል፤ የእሷ ከምሽቱ ሁለት የእኔ ከቀኑ አሥር ነበር፤ እኔ ስቀመጥ እሷ ዘንድ እኩለ ሌሊት ሆኗል። ይቅርታ ጻፍኩ። በማግስቱ የመለሰችው አንድ መስመር ነው፦ «ትምህርቱ ተቆጥሯል፤ በሚቀጥለው ስለ ሰዓት እንማራለን።» እናቴ ስነግራት «ደግ አደረገች፤ የኔታ ቢሆኑ በአርጩሜ ነበር» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ መምህሬን ያለጥርጥር አመንኳት። ሒሳቧን ያልማረችኝ ሰው ድምፄንም አትምረኝም።

በክረምት አንድ ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሆኖም ሰማዩ ጠቁሮ ቤቱ እንደ ማታ በጨለመበት ሰዓት፣ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ ባትሪ ነበረው፣ ኢንተርኔቱን ከስልኬ አገኘሁ፤ እናቴ ሻማ ለኩሳ ጠረጴዛዬ ላይ አቆመችልኝ። ያን ቀን የተያዝኩት ዶሮና እንቁላል ላይ ነው። ዶሮ «ካይ» ነው፣ እንቁላልም «ካይ» ነው፤ የድምፃቸው ከፍታ እንኳ አንድ ነው። ልዩነቱ እንቁላሉ ላይ «ክ» ሲባል ከአፍ ትንፋሽ ይወጣል፣ ዶሮው ላይ አይወጣም። እኔ ለመለየት ብዬ ዶሮውን በእኛ በ«ቀ» አደረግሁት፤ «ቃይ» ስላት መምህሬ ጆሮዋን ያዘች። «ጠንካራ ነው! ጠርሙስ አትክፈት!» አለችኝ። በ«ገ» ሞከርኩ፤ አይደለም። ከዚያ ሻማውን በካሜራው ውስጥ አየችውና ወደ አፌ እንዳስጠጋው አዘዘችኝ። «እንቁላል በል።» አልኩ፤ ነበልባሉ ተኛ። «ዶሮ በል።» አልኩ፤ አሁንም ተኛ። «እሱ እንቁላል ነው። ዶሮ በል።» እናቴ ሶፋው ላይ ሆና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። ሻማው ሩቡን ያህል እስኪያልቅ ዶሮና እንቁላል አልኩ። አንድ ጊዜ፣ እንዴት እንደሆነ ሳላውቀው፣ ዶሮ ስል ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ኒያ!» ብላ መምህሬ ጠረጴዛዋን መታች፤ ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። በመጽሐፍ አምስት ጊዜ ያነበብኩትን ነገር ምላሴ ያገኘው ያን ጊዜ ነው። ለ12 ዶላሩ የምገዛው ይህን ነበር፤ ነበልባሉ ሲተኛ ተኛ የሚለኝን ሰው።

ስለ ፊደሉም ጥቂት ልበል፤ ብዙ የውጭ ተማሪ በላቲን ፊደል እየጻፈ ሊያመልጠው የሚሞክረው እሱን ነው። መምህሬ በሦስተኛው ሳምንት ላቲኑን ከለከለችኝ፤ እኔም አልተከራከርኩም፤ ፊደል ቆጥሮ ያደገ ሰው ከሌላው ይልቅ ቤቱ ሆኖ ያገኘዋል። የታይ ተነባቢ ፊደላት 44 ናቸው፤ ሁለቱ ዛሬ አይሠራባቸውም። አናባቢው እንደ እኛ ካዕብና ሣልስ ከተነባቢው ጋር ተያይዞ ይጻፋል፤ ልዩነቱ በላይም በታችም በቀኝም ከተነባቢው በፊትም መሆኑ ነው። በቃላት መካከል ክፍተት የለም። አንድ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ብዙ ስለሆኑ ለእያንዳንዱ መጠሪያ ቃል አለው፦ የዶሮው «ክ»፣ የእንቁላሉ «ክ»፣ የነብሩ «ስ»፣ የባሕታዊው «ስ»። እናቴ ይህን ስትሰማ «እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ በለኛ!» አለች፤ ከእሷ የተሻለ ያስረዳኝ አላገኘሁም። ምክንያቱም አንድ ነው፦ እነሱ ከሳንስክሪትና ከፓሊ የመጡ ቃላትን አጻጻፍ ጠብቀው ሲያቆዩ፣ እኛ የግእዙን አቆየን፤ ድምፁ ጠፋ፣ ፊደሉ ቀረ። በአንድ ነገር ግን ይበልጡናል። እኛ የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅ ቃል እየለወጠብን አንጽፈውም፤ «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የምንለው፣ «አለ» ተናገረ ይሁን ይገኛል፣ አንባቢው ከአገባቡ ይፈልግ እንላለን። እነሱ ድምፁን ይጽፉታል፤ የሚጽፉበት መንገድ ግን ያደክማል። ተነባቢዎቹ 9 መካከለኛ፣ 11 ከፍተኛ፣ 24 ዝቅተኛ ተብለው ተመድበዋል፤ አንዱ ምልክት በአንዱ ምድብ ላይ ሲውል የሚሰጠው ድምፅ በሌላው ላይ ከሚሰጠው ይለያል። ያቺ ያዋረደችኝ ውሻ ስትጻፍ መጀመሪያዋ ላይ የማይነበብ «ህ» አለ፤ ራሱ ምንም አይልም፣ ከጎኑ ያለውን «ም» ግን ወደ ከፍተኛው ምድብ ያሳልፈዋል። ዝም ብሎ ተቀምጦ ፍርድ እንደሚያስለውጥ ሽማግሌ ማለት ነው።

በጥር 2017 ዓ.ም. ለክትትል ተመለስን። የምርመራው ለሊት እናቴ አቃሰተች፤ ሌላ ነርስ መጣች፤ ጥያቄው ግን ያው ነበር። «የሚወጋሽ ነው የሚጠዘጥዝሽ?» አልኳት እናቴን። «ይጠዘጥዘኛል» አለች። «ፑዋት ክራፕ፣ ማይ ጄፕ» አልኩ፤ ይጠዘጥዛታል፣ አይወጋትም። ነርሷ ፊቷ በራና አንድ ረጅም ንግግር ጀመረች፤ ከእሱ ውስጥ የገባኝ «መድኃኒት» እና «ጧት» የሚሉት ሁለት ቃላት ብቻ ናቸው። በቂ ነበሩ።

ስንመለስ አንድ ያልተከፈለ ዕዳ ከበደኝ። ሰኞ ቀን ቦሌ ሄጄ ፒን ያቺው ካፌ ጠበቅኋት። ተቀይማኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ እናቴ ጀርባ ነው። በታይኛ መለስኩላት፣ «ክራፕ» እያልኩ፤ ቅንድቧን አነሳች። ከአጠራር ትምህርቴ ውጭ ወሬ የምለማመድበት ሰው እንደምፈልግ፣ የኢንተርኔት መምህሬ ለወሬ ጊዜ እንደማትሰጠኝ ነገርኳት። ከዚያ ያን ጊዜ ያልወጣኝን ቃል አወጣሁት፦ «ታኦ ራይ?» ስንት ነው?

ፒ እንደ መጀመሪያው ቀን እጇን ልታወናጭፍ አነሳች፤ ከዚያ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ራይ» አለች፤ ድምፁን ወደ ታች ዝቅ አድርጋ። «ታኦ ራይ» አልኩ። «ራይ!» አለች። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ፤ ሳትስቅ። አራተኛው ሲዋጥላት፣ በሰዓት 500 ብር፣ ቡናውን ደግሞ ተራ በተራ አለችኝ።